ሲንክ

ሳህን የሚታጠብበት፣ ቧንቧ የቆመበት፣
ያ ሲንክ አይደለም ዛሬ የማወራለት።
ይኼኛው ቃል ነው፤ ታናሽ፣ ጭራ ቆራጣ፣
ከለንደን ምዕራብ፣ ከጨለማ ክፍል፣ ከመቀስ ሥር የወጣ።

ዘመኑ ዲዳው ፊልም አፍ የፈታበት ነው።
ሆሬስ ፔንግሊ ቆራጭ፣ ኤድና ዊትከም ቀጣይ፣
እሱ በመቀሱ፣ እሷ በሙጫዋ፣ ባንድ ጠረጴዛ ላይ።
ሁለት ጥቅል ነበር፤ አንደኛው የሰው ገጽ፣
ሌላው ፊት የሌለው የዚያው ሰውዬ ድምጽ።
በሰከንድ ሃያ አራት ሥዕል ሲከንፍ፣
ሁለቱ ከሳቱ ተዋናዩ ጉድ ነው፤
«እወድሻለሁ» ይላል በተዘጋ አፍ።
ለዚህ ነው እንጨቱ፣ ከንግግሩ በፊት፣
ጧ! ብሎ የሚጋጭ ከተዋናዩ ፊት፤
ጧ ያለው ድምጽና ጧ የሚለው ምስል
ሲገጥሙ ብቻ ነው ውሸቱ እውነት የሚመስል።

የመግጠሚያው ነጥብ ሙሉ ስም ነበረው፣ ከግሪክ የመጣ፣
እንደ ዕቃ ባቡር ፉርጎው ተቀጣጥሎ ማለቂያ ያጣ።
የፊልሙ ጠርዝ ግን የግማሽ ጣት ያህል፤
ሆሬስ በነጭ እርሳስ እዚያ ላይ ሲታገል፣
አራት ፊደል ጻፈ፣ የቀረውን ተወው፤
መሽቷል፣ ሻዩ በርዷል፣ ኤድና ኮቷን ይዛለች፣ ምን ያድርገው?
እሱ ፈጠረው አልልም። የቃል አባቱ ብዙ ነው፤
በየክፍሉ ቸኩሎ የጻፈ ሁሉ ነው የወለደው።

ቃሉ ግን በዚያ ጨለማ አልኖረም።
ኤድና ሻይ ቤት ይዛው ሄደች።
ወተቱ ቀድሞ ሻዩ ሲዘገይባት፣
«ዛሬ ሲንክ አይደለሽም» ብትላት፣ አስተናጋጇ ፊቷን አጠቆረች፤
በነሱ አፍ ይኼው ድምጽ መስጠምም ነውና
የመርከብ እርግማን መሰላት።
ከሻይ ቤት አውቶቡስ ላይ ወጣ። ትኬት ቆራጩ ፐርሲ፣
አንድ ሰዓት ሙሉ ጠፍተው ሁለት አውቶቡሶች አብረው ሲመጡ፣
«ምን ይደረግ፣ ሲንክ ናቸው» ይል ጀመር፤
ሰዎች ሳቁ፣ ቃሉን ይዘው ወረዱ።
ኤድናም ሳቀች። ሳቋን ይዛ አገባችው።

ሆሬስ ሊናገር ያሰበው ነገር ነበር።
ያንዲት ሥዕል መዛነፍ የማያመልጠው ሰው
በራሱ ጉዳይ ሦስት ዓመት ዘገየ።
ለሰርጓ ብርጭቆ ላከ፤ ስድስት፤
አንዱ መንገድ ላይ ተሰበረ።

ዓመታት። ከመቀስ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ኮምፒውተር፣
ቃሉ ቤት እየቀያየረ፣ ኪራይ ሳይከፍል ሲኖር፣
ስልክ ውስጥ ሁለት ቀስት ሆኖ ይሳደድ ጀመር።
ብሪስቶል ውስጥ ታምሲንን፣ የኤድናን የልጅ ልጅ፣
አለቃዋ «ሐሙስ ሲንክ እናድርግ» ይላታል፤
ስብሰባ ማለቱ ነው፤ ስብሰባ ቢል ሰው ይሸሻል።
«እኔና ባሌ ሲንክ አይደለንም» ትላለች ጓደኛዋ፣
የሙጫ ሽታ ደርሶ የማያውቅ ካፍንጫዋ።

ግሪኩ «አብሮ» ነበር፣ ቀጥሎ ደግሞ «ጊዜ»።
መቀሱ ሲያልፍበት «አብሮ» ሳይነካ ቀረ፤
ከጊዜ የተረፈች
አንዲት ፊደል ናት።

አንድ እሑድ፣ መጦሪያው ቤት። ኤድና ዘጠና ሰባት ዓመቷ፤
ስትሮክ ከመታት ወዲህ ከንፈሯ ይቀድማል፣ ድምጿ ኋላ ይደርሳል።
ታምሲን ጠበቀች። ጠበቀች። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ፣
ከአያቷ ፊት እጆቿን አንዴ አጋጨች፦
ጧ!
አሮጊቷ ቀና አለች።
ከንፈርና ድምጽ፣ ለአንዲት ቃል፣ ገጠሙ፦
«ተናገር» አለች፤ ወይም «ተናገሪ»፤
እንግሊዝኛው አይለይም።
ታምሲን ለራሷ ወስዳው፣ ወንበሯን አስጠግታ፣
ስለ ሐሙሱ ስብሰባ ማውራት ጀመረች።